አሟሙቅ

በሠላሳኛው ደቂቃ አሠልጣኝ መንገሻ
ዞር ሳይል፣ በጣቱ ብቻ፦ "ተማም፣ አሟሙቅ።"
ተነሣሁ። ከወንበሩ እስከ ማዕዘን ባንዲራው መጨረሻ፣
የኖራው መስመር በግንቦት ዝናብ ሟሙቶ ሲጨማለቅ።

ጉልበት ወደ ደረት፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ፣
አጭር ሩጫ፣ ረጅም ሩጫ፣ ደግሞ አጭር ሩጫ፤
ላቤ ከጀርባዬ ወርዶ ካልሲዬ ጋ ሲደርስ፣
ልቤ "መጣሁ" ሲል፣ ጎል ገባብን።
ሐሳቡን ለወጠ። "ተቀመጥ። ጃኬትህን ልበስ።"

የሞቀ ሥጋ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚል የሚያውቀው
የመንደራው ቀጥቃጭ አባ ፊጣ ነው።
ልጅ ሆኜ ወናፍ ስነፋለት እንዲህ ይለኝ ነበር፦
"ያ ኢልማ ኮ፣ ነገሩ ወዲህ ነው፤
አግለህ የማትመታውን ብረት ባታግለው ነው የሚሻለው።
አንዴ ቢግል፣ አንዴ ቢበርድ፣ መዶሻ ሳይነካው፣
ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ላይ ላዩን ስታየው ደህና ነው፤
ማረሻ አድርገህ መሬት ስትሰደው ነው የሚሰበረው።"
እኔ ያኔ ስለ ብረት የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

በሃምሳ አምስተኛው፦ "ተማም!"
በስልሳ ስምንተኛው፦ "ተማም!"
ከድንጋዩ ደረጃ ላይ አንዱ፣ ኦቾሎኒ የሚፈለፍል፣
"ይሄ ልጅ ለማራቶን ነው የመጣ?" ብሎ ሳቀ።
ሰምቼ እንዳልሰማሁ፣ ከምልልሱ አንድ ሳላጎድል፣
ሦስተኛ ጊዜ ነደድኩ፤
ሦስተኛ ጊዜ ላቤ እላዬ ላይ ደረቀ።

ወጌሻችን ኢዘዲን፣ በረዶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣
አንዲት ደብተር አለችው፣ ከዝናብ የምትሸሸግ በላስቲክ ተጠቅልላ፤
ጎል አይጻፍባት፣ ቢጫ አይጻፍባት፣ ውጤት የላትም ጭራሽ፤
የተቀመጥን ሰዎች ሩጫ ነው የምትቆጥር፣ ሌላ ሥራ የላት ሌላ።
ጭኔን በቅባት እያሸ፣ ጆሮዬ ስር፦
"አርባ አንድ ምልልስ" አለኝ። አላሞገሰኝም፣ አልተቆጣም።
"አንተ እኮ መጫወት ከጀመርክ ቆየህ፤
ማንም አላየህም እንጂ፤ መሽቷል፣ ተማም።"

በሰማንያ ስምንተኛው ቁጥሬ ተነሣ፣ አሥራ ሰባት፣ በአረንጓዴ።
ገባሁ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሣር ሌላ አገር ነው ለካ፤
ሙሉ ቀን አጠገቡ ስሮጥ አልነካኝም ነበር አንዴ።
አንዲት ኳስ መጣች፣ ከግራ፣ ረጅም፣ በውሃ የከበደች፤
ዓይኔ ቀድሞ ደረሰ።
እግሬ ግን ወንበሩ ጋ ቀረች።
ከጭኔ ኋላ አንዲት ክር ብጥስ፤
ኳሷ ወጣች፤ ፊሽካ ተነፋ፤ ዝናቡ ጀመረ እንደ አዲስ።

በማግስቱ ከስሜ ትይዩ "ሁለት ደቂቃ" ተብሎ ተጻፈ።
አልዋሹም። ሁለት ነው። ሰዓት ይዋሻል?
አባቴ ስገባ አይቶ፣ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርጎ፦
"ለሁለት ደቂቃ ደግሞ ሰው እንዴት ያነክሳል?"
ምን ልበለው።
የኢዘዲንን ደብተር አምጥቼ ላሳየው?
የአዌቱን ድልድይ በአንድ እግሬ ስሻገር ያመሸሁትን፣
ባጃጅ ሁሉ ጥሎኝ ሲያልፍ፣ በየመብራቱ የቆምኩትን?
"አዳልጦኝ ነው" አልኩት።

ዓመታት ሄዱ። ዛሬ ሄርማታ ገበያ የቆርቆሮ ሚስማር ነው የምሸጠው።
ኢዘዲን ሞቷል፤ ደብተሯን ማን እንደወሰዳት አላውቅም።
ግን ከሰው መሐል አንድ ድምፅ "ተማም!" ብሎ ቢጣራ፣
ከልቤ በፊት ጭኔ ይሞቃል፣ ያ የተበጠሰው፣ ይሄው እስከ ዛሬም፤
ሚዛኑን ትቼ ብድግ እላለሁ፣ ደንበኛዬ ግራ ሲገባው።

የተጠራው ሌላ ተማም ነው።
እንደ ቆምኩ እቆያለሁ፣
እስኪበርድ።